የዓይን ስንቅ፤ ከየካ ኮረብታ እስከ እንጦጦ ራስ

የአዲስ አበባ ሰው ወደ ሰሜን ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው፣ በክረምት ጉም የሚጋርደው፣ በጥቅምትም ከጠራው ሰማይ ሥር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት፣ ለእንጨት ለቃሚዋ ሴት እንጀራ፣ ለምእመኑ ደብር፣ ለሯጩ መለማመጃ፣ ለሽርሽር ለሚወጣው ወጣት መናፈሻ ሆኖ ሲኖር፣ ለሠዓሊ፣ ይልቁንም መጽሐፍንና መጽሔትን በሥዕል ለሚያስጌጠው ሠዓሊ፣ ምን እንደ ሆነ ግን እስካሁን በሚገባ የተነገረ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ሠዓሊ ከባዶ አይነሣም። አንድ ተረት ወይም አንድ የታሪክ ምዕራፍ በእጁ ሲገባ፣ ባላባቱን ምን እንደሚያለብሰው፣ ፈረሱን እንዴት እንደሚያቆመው፣ የአሮጊቷን ነጠላ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደሚጥለው ማወቅ አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚያገኘውም በብዙ ዘመን ከግድግዳ፣ ከጨርቅ፣ ከአሮጌ ፎቶግራፍ፣ ከመንገደኛው አካሄድ ጭምር እየለቀመ በደብተሩ ካከማቸው መዝገብ ነው።

ዛሬ የከተማችን ወጣት ሠዓልያን ይህን መዝገብ በእጅ ስልካቸው ይይዙታል። የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች፣ የቶኪዮ ሥዕል አታሚዎች፣ የኒው ዮርክ ፎቶ አንሺዎች ሥራ በአንድ ጣት ንክኪ ይመጣላቸዋል፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ወደ ፊት እንደማስረዳው አባቶቻቸው ሠዓልያንም ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል ሲያገኙ አልተጸየፉም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ቋጥኝ ጀምሮ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እስከ እንጦጦ ማርያምና እስከ እንጦጦ ራጉኤል በሚደርሰው ምድር ላይ፣ ሥዕሉም ፎቶግራፉም አልባሳቱም፣ አንዱ ካንዱ እየተማረ የኖረበት ሰፊ መዝገብ ተዘርግቶ ሳለ፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን ገና አንድ ገጹን አልገለጡትም።

ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ የሚያወጣውን መንገድ የተከተለ ሰው ዋሻ ሚካኤልን ያገኛል። ይህ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ላሊበላን ለማየት ገንዘብና ጊዜ ላጠረው የአዲስ አበባ ሰው በደጁ የተቀመጠ በረከት ነው። ዘመን ጎድቶታል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ራሱ ለሠዓሊ ትምህርት ይሰጣል። ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ ዋሻ የሚፈለፍል ሰው ግን ከነበረው እየቀነሰ፣ ዓምዱን ለማግኘት በዙሪያው ያለውን እየጣለ፣ ባዶውን ስፍራ እንደ ዋና ሥራ አድርጎ ያስባል። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ፣ ይልቁንም እንጨት ፈልፍሎ የሚያትመው፣ ከዚህ የበለጠ መምህር አያገኝም። ነጩን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ጥቁሩን በቦታው ማኖር አይችልምና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሃንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ ባለ እንጨት ኅትመት ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን ይህንኑ ጥበብ ባስተማረ ጊዜ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነበር፤ ዘሪሁንም በኋላ በቀርከሃ ልጥ ላይ የሚሥላቸውን ረጃጅም ሥራዎች ያየ ሰው፣ የመፈልፈል ትምህርትና የብራና ጥቅል ትዝታ በአንድ እጅ እንዴት እንደ ተስማሙ ይመለከታል።

ወደ እንጦጦ ራስ የወጣ ሰው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ታች ወደ ፍል ውኃው ከማውረዳቸው በፊት በተቀመጡበት ስፍራ ይቆማል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም ራጉኤልም ባለ ብዙ ማዕዘን ሆነው የታነጹ፣ በውስጣቸው መቅደሱን የከበበ የሥዕል መጋረጃ ያላቸው ናቸው። የሥዕሉን አሠራር ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መንገር ይገባል። በደገኛው አገር እንዲህ ያለ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በቀጥታ በግድግዳ ላይ አይሣልም፤ ሠዓሊው በጥጥ ጨርቅ ላይ ከሠራ በኋላ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከመጀመሪያው የልብስ ዘመድ ነው፤ መቅደሱም እንደ ሰው ለብሶ ይቆማል።

በዚያ ፊት የቆመ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚያየው ዓይንን ነው። በአበው ሥርዓት ጻድቃንና ሰማዕታት፣ መላእክትም፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለት ዓይናቸው ጎልቶ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ጭፍሮቹ፣ ጌታን የሰቀሉት ወታደሮች፣ አሳልፎ የሰጠው ይሁዳም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህ ሥርዓት ለመጽሐፍ ሠዓሊ ያለው ጥቅም እጅግ ብዙ ነው። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ አንዲት ቃል ሳይነገረው በዚያ ገጽ ላይ ማን ወዳጁ እንደ ሆነ፣ ማንን መፍራት እንደሚገባው ያውቃል። ከዚያም ቀጥሎ ዓይን የሚያርፈው በመጠን ላይ ነው። ክብር ያለው ገዝፎ፣ አገልጋዩ አንሶ ይሣላል፤ ርቀትና ቅርበት የሚለካው በሜዳው ስፋት ሳይሆን በማዕረግ ነው። ይህን የአላዋቂ ስሕተት ነው የሚሉ ሰዎች በእኔ ዕድሜም ነበሩ፤ ግን ስሕተት አይደለም፤ ስለ ዓለም ያለ የታወቀ አስተሳሰብ ነው፤ ሠዓሊውም በሥዕሉ ውስጥ የሚናገረው እርሱን ነው።

ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ነጭ ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው፣ ከዘንዶው የሚያድናት፣ እኛ ብሩታዊት የምንላት ልዕልት፣ ይህ ሁሉ በክርስቲያን ዓለም ሁሉ ይታወቃል። ነገር ግን እግሩን ተመልከቱ። በብዙዎቹ የአገራችን ሥዕሎች ሰማዕቱ እርካቡን የሚይዘው በጫማ ሳይሆን በባዶ እግሩ፣ በአውራ ጣቱና በቀጣዩ ጣት መካከል ነው፤ ይህም የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ሁሉ ይጋልብበት የነበረ ልማድ ነው። የፈረሱም ሽልማት፣ ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ሠዓሊው በገበያና በዘመቻ ያየው የአገሩ ዕቃ ነው። የብሩታዊትም ቀሚስ በየዘመኑ ይለወጣል፤ ሠዓሊው በኖረበት ዘመን እመቤቶች የለበሱትን ትለብሳለችና። እንግዲህ የልብስን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ብሩታዊትን ከደብር ወደ ደብር እየተከተለ ቢያያት፣ በየግድግዳው የዘመኑን የሴት ልብስ ያገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንዳንድ ሰው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል ማየትና ከእርሱ መቅዳት የአገርን ጥበብ ማጥፋት ነው ብሎ ያስባል፤ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ የእኛ ሥዕል ከውጭ ምንም ሳይነካው እንደ ታቦት ተሸፍኖ የኖረ ነው ይላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለው ቅኔያዊ እጅ ያለው ሠዓሊ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ሠርቶ ስሙን ጽፎበታል፤ የዚያ ሥዕል የመስመር ጥራት ግን ከውጭ የመጡ ሥዕሎችን አይቶ የተማረ ዓይን እንዳለው ይመሰክራል። ከእርሱ በኋላ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ብዙ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ሲሠራ ኖረ፤ ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ቢያኖረው ሰዎች ተቆጥተው እንደ ነበር የቆየ ወሬ አለ። ቁጣው ሲበርድ ግን ከእርሱ የተገኘው ነገር በአገሬው እጅ ውስጥ ገባ።

የበለጠው ማስረጃ በጎንደር ዘመን ይገኛል። ኢየሱሳውያን ካህናት በሮም በታላቂቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቅጅ ይዘው መጡ፤ ካህናቱ ሲባረሩ ሥዕሉ ቀረ። ያቺ እጆቿን አጣምራ በአንዱ እጅ መሐረብ የያዘች፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ ወደ እርሷ የሚመለከት ሥዕል፣ እነሆ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ሆና ከዚያ ወዲህ በብዙ ደብር ውስጥ ትገኛለች፤ ዛሬ የገጠር ካህን የአባቶቹ ሥዕል ብሎ ሲሳለማት ትክክል ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የእርሱ ሆና ኖራለችና። እንደዚሁም በ1591 እ.ኤ.አ. በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ሠዓሊ የሳላቸውን ሥዕሎች ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የጎንደር ዘመን ጸሐፍትና ሠዓልያን ያን መጽሐፍ ከፊታቸው ዘርግተው ወንጌላቸውን በሥዕል አስጌጡ። ነገር ግን እንዴት አደረጉት? ጥላውን አስወገዱ፤ ጥቁርና ነጭ የነበረውን በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ሸፈኑ፤ የኋላውን ሜዳና ሕንፃ ጠረጉ፤ ፊቶቹን ወደ ተመልካቹ መለሱ። ቴምፔስታ የሰውነትን ጡንቻ ለማሳየት የደከመበትን ቦታ እነርሱ በልብስ እጥፋት ሞሉት። የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፤ ነገሩን ግን ለራሳቸው ዓይን እንደ ገና ተናገሩት።

ይህ ነው ለወጣቶቻችን እንዲደርስ የምመኘው ጉዳይ። የጎንደሩ ሠዓሊ ያን የሮም መጽሐፍ ለምን እንደ ፈለገው ያውቅ ነበር። የፈለገው የሥዕሉን ተራ ነው፤ የትኛው የጌታ ተአምር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ሰዎቹ በክፍሉ ውስጥ እንዴት እንደሚቆሙ። ብርሃንና ጥላው ለእርሱ ሥራ አላስፈለገውም፤ ስለዚህ በሮም ትልቅ ጥበብ የነበረውን ሳይሳሳ ጣለው። የሚጥለውን የማያውቅ ሰው የሚወስደውንም አያውቅም።

ሌላው ምሳሌ መራር ነው። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የተቀዳጀው የጌታ ሥዕል፣ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ከፊታቸው የሚያስቀድሙት፣ ሠዓልያንም እልፍ ጊዜ የቀዱት ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ፣ ከእንግሊዞች ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ወስዶት ሄደ። ዋናው ሥዕል ከአገሩ ወጥቶም ቅጂዎቹ ከደብር ወደ ደብር መባዛታቸውን አላቆሙም። የአገራችን ሠዓሊ ዋናውን ሳያይ ከቅጅ ቅጅ እየሠራ በቆየበት መጠን፣ የጌታ ፊት ቀስ በቀስ ዓይኑ እየሰፋ፣ ቅንድቡ እየገጠመ፣ የእኛ ሆነ።

ስለ ልብስ ከተነሣ፣ በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ዘመን የተሠሩትን ሥዕሎች የሚያይ ሰው በጨርቁ ይደነቃል። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ከህንድ አገር የሚመጣ አበባ ያለበት የሐርና የወርቀ ዘቦ ጨርቅ በቤተ መንግሥቱ ይለበስ ነበር፤ ሠዓልያኑም አበባውን አንድ በአንድ እየለቀሙ በእመቤታችን ካባና በመላእክት ልብስ ላይ አኖሩት። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ በዚያ ትሑት አቀማመጥ ላይም ቢሆን የልብሳቸው ጌጥ አልተዘነጋም። ሥዕል የሚያሠሩ ሰዎች በግርጌ በኩል መሣላቸው የቆየ ልማድ ነውና፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግርጌ የየዘመኑን መኳንንትና ወይዛዝርት አለባበስ ያቆየልን ነው።

በእንጦጦ ማርያም ግቢ ያለው የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያ ሙዚየም የዚህን ነገር ሁለተኛ ምስክር ይዟል፤ በሥዕል የሚታየው ልብስ እዚያ በራሱ ተሰቅሎ ይገኛልና። በመስተዋት ውስጥ ያለ ካባ ፊት ቆሞ የሚሥል ወጣት፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ ከቶ የማይነግሩትን፣ የጨርቁን ክብደት ይማራል። የወርቅ ክር የተጠለፈበት ከባድ ካባ ከትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አይውለበለብም፤ የለበሰውንም ሰው ቀስ ብሎ እንዲራመድ ያስገድደዋል። ነጭ ሸማ ግን ለነፋስ ይታዘዛል። በመጽሐፍ ሥዕል ላይ ንጉሡንና አሽከሩን በአንድ ዓይነት መስመር የሚሥል ሰው ይህን አልተመለከተም።

ሸማ ደግሞ እንደ አለባበሱ ይናገራል። በታላቅ ሰው ፊት የቆመ ሰው ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ ኀዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቱ አድርጎ ይለብሳል። አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ምንም ሳይቆረጥና ሳይሰፋ የሰውን ማዕረግና የልቡን ሁኔታ ሲገልጥ፣ ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? የኀዘንተኛን ፊት እንባ እያፈሰሰ ከመሣል፣ ጥለቱን ወደ አንገት ማውጣት ይበቃዋል፤ አገሬው አይቶ ያውቃል። እሑድ ማለዳ ከራጉኤል ቅዳሴ የሚወጣውን ሕዝብ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ የተመለከተ ሠዓሊ ከብዙ መጻሕፍት የማያገኘውን ይዞ ይመለሳል።

ፎቶግራፍ ወደዚህ መዝገብ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ያንኑ ሙያ ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን አገለገሉ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የሚነሣው መኰንን ፊቱን አቅንቶ፣ ሁለት ዓይኑን አሳይቶ፣ አሽከሮቹን በግራና በቀኝ አቁሞ፣ ሰይፉን ወይም ጠመንጃውን በሚታይበት አኑሮ ይቀመጣል። ይህ አቀማመጥ ከመቅደሱ ግድግዳ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ። በፎቶ ማንሻው መስተዋት ፊት የተቀመጠው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የክብር መልክ ምን እንደሚመስል የተማረው በቤተ ክርስቲያን ነውና፣ በአንድ ወገን ተነሣ ቢሉት እንደ ይሁዳ ልሆን ነው ብሎ እምቢ ባይል ይደንቀኛል።

ፎቶግራፉም በተራው ሥዕልን አስተማረ። ከዓድዋ ድል በኋላ የጦርነቱን ሥዕል የሠሩ ሠዓልያን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ በብርሃን ክበብ አድርገው፣ ምኒልክን በጥላ ሥር፣ እቴጌይቱን በፈረስ ላይ ሲያቆሙ፣ በብዙዎቹም የኢጣልያን ወታደሮች በአንድ ዓይን ሲሥሉ፣ ሥርዓቱ የአበው ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግን በየሥዕሉ እየቆየ ወደ ፎቶግራፉ ይጠጋል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1887 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር በፓሪስ ሲታተም፣ ኧዤን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጺ የምኒልክን መልክና የይሁዳን አንበሳ ቀርጾበታል። እንዲህ በጣት ጥፍር የምታክል ሥዕል፣ ንጉሡን አይቶ የማያውቀው ሁሉ መልኩን የሚያውቅባት ሆነች። በትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ነገር ማኖርን መማር የሚሻ የመጽሐፍ ሠዓሊ ያን ቴምብር በአጉሊ መነጽር ይመልከት፤ በአንድ ጢም ውስጥ ስንት መስመር እንዳለ ያያል።

ከመኳንንቱ ወደ ተራው ሰው የተሻገረው የፎቶ ቤት ፎቶግራፍ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ የበለጠ የሚያስደስተኝ ይኸው ክፍል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል የፎቶግራፍ መጽሐፍ ታተመ፤ በውስጡ ያሉት ከየቤተሰቡ አልበም የተለቀሙ የአዲስ አበባ ሰዎች ሥዕሎች ናቸው። ጠጉሩን አፍሮ ያሳደገ ጎልማሳ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ የለበሰ ተማሪ፣ አጭር ቀሚስ የለበሰች ጸሐፊ፣ ከአጠገቧም በነጠላ የተሸፈነች እናቷ በአንድ ካርቶን ላይ ይታያሉ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ራሱን እንዴት መታየት እንደ ወደደ ከዚህ የበለጠ የሚነግር የለም። እነዚህ ልብሶች የተለበሱበት ጊዜ ስለ ልብስ ብርቱ ክርክር የተነሣበት ጊዜም ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ በስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የተዘጋጀውን የልብስ ትርኢት ተማሪዎች ተቃውመው ሰልፍ ሲያደርጉ፣ የባዕድ ልብስ የአገርን ልብስ ያጠፋል የሚል ቍጣ አንዱ ምክንያት ነበር። ቍጣቸውን አልንቀውም። ነገር ግን የአልበሞቹን ፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር፣ ያ ትውልድ ሁለቱንም ልብስ በአንድ ሣጥን አኑሮ፣ በበዓል አንዱን፣ በሥራ ቀን ሌላውን እያወጣ ለብሶ እንደ ኖረ፣ አንዱም ሌላውን እንዳልገደለ እመለከታለሁ።

በዚያው በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ደግሞ ከየገበያውና ከየሰዉ እጅ ሥዕለ አድኅኖዎችን እየሰበሰቡ ዛሬ በሙዚየሙ የምናየውን ክምችት አቆሙ። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሠዓሊ በዚህ በኩል ሳያልፍ ቢቀር ይጎዳል። በደብር ውስጥ ከሩቅና በዕጣን ጢስ መካከል ያየውን፣ እዚህ ከቅርብ፣ የቡርሹን ዱካ እስኪለይ ድረስ ያገኘዋል።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ ወዲህ የተነሡት ሠዓልያን ይህን ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ተጠቅመውበታል፤ ሁሉን ለመዘርዘር ጊዜ የለኝም። ስለ እስክንድር ቦጎስያን ግን አንድ ነገር ልበል። እስክንድር በፓሪስ ሳለ የኩባውን ዊፍሬዶ ላምን ሥራ ተመልክቷል፤ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. በሠራቸው ሥዕሎች ውስጥ የሚታዩት ዓይኖች፣ ክንፎችና መረቦች፣ ደብተራው ለበሽተኛ በቁመቱ ልክ በሚጽፍለት የብራና ጥቅል ላይ ከሚሥለው ጠልሰም ጋር ዘመድነታቸው የታወቀ ነው። የባዕዱን ሥዕል ማየቱ የገዛ አገሩን ጠልሰም እንደ አዲስ እንዲያይ አደረገው። የጎንደሩ ሠዓሊና ቴምፔስታ እንደ ገና ተገናኙ ማለት ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሥዕልና ፎቶግራፍና ልብስ በአንድ ሥራ ውስጥ ተሰብስበው የምናገኛቸው በአይዳ ሙሉነህ ዘንድ ነው። አይዳ በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልዳ በውጭ አገር አድጋ ተመልሳ፣ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል መሠረተች። በፎቶግራፎቿ ላይ ያሉት ሴቶች ፊታቸው በነጭ ወይም በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ ነጠብጣብና መስመር ተሥሎበት፣ ልብሳቸው ያለ እድፍ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ፣ ፊታቸውን አቅንተው ይቆማሉ። ጥላ ጥቂት ነው፤ ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ቀለሙ ሳይደባለቅ በየቦታው ተወስኖ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው፣ የራጉኤል ግድግዳ በፎቶ ማንሻ ተነሥቶ ዓለምን ዞሮ እንደ መጣ ይሰማዋል። እርሷ ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች የሰውነት ማስጌጫም እንደ ተማረች ይታወቃል፤ እኔ ግን ቀጥ ብለው የሚመለከቱትን እነዚያን ሁለት ዓይኖች የት እንዳየኋቸው አልረሳም።

ከእንጦጦ ወደ ከተማ ሲወርዱ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በዚህ አካባቢ ሰፍረው፣ እግራቸውን በጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እያሻገሩ ድርና ማጉን ያገናኛሉ፤ የተሠራውም በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት ሱቆች ተሰቅሎ ይሸጣል። ጥለት በወረቀት ላይ ተሥሎ አይሰጣቸውም። ሸማኔው ክር እየቈጠረ፣ ስንቱን አንሥቶ ስንቱን እንደሚተው በልቡ ይዞ ይሠራል፤ ስለዚህ መስቀሉም አልማዙም ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል፤ ክር ቀጥ ካለው መንገዱ ወጥቶ ክብ መዞር አይችልምና። ይህን ያልተረዳ ሠዓሊ በመጽሐፉ ላይ ለባለታሪኳ የሚሥልላት ጥለት ክብና ጠመዝማዛ ይሆናል፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ቢያየው በየትኛው ዕቃ እንደ ተሠራ ይጠይቃል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴሏ ሊያ ከበደ «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት መሥርታ የአገራችን ሸማኔዎች ሥራ በውጭ አገር መደብሮች እንዲሸጥ ስታደርግ፣ ጥለቱ ከቀሚስ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተሻገረ፤ ቀለሙ ተለወጠ፤ የክሩ ሥርዓት ግን አልተነካም።

አሁን በሽሮ ሜዳ የሚሆነውን ሠዓሊዎቻችን ሄደው እንዲያዩት እወዳለሁ። ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ስልኳን ከፍታ የአንዲት ሙሽራ ፎቶግራፍ ታሳያለች፤ ባለ ሱቁ አይቶ ለሸማኔው ያሳያል፤ ሸማኔው ፎቶግራፉን በጣቱ እያሰፋ የጥለቱን ክር ይቈጥራል፤ ይሆናል የሚለውን ይወስዳል፤ በክር የማይሠራውን ይተዋል፤ በምትኩም ከአባቱ የተማረውን ይጨምርበታል። ልጅቱም ስትቀበለው የፎቶግራፉን ቀሚስ ነው ብላ ትቀበላለች። ያን ቀሚስ ለብሳ ፎቶ ትነሣለች፤ ያም ፎቶግራፍ ተልኮ በሌላዋ ሙሽራ ስልክ ይገባል። ደብተሩን ይዞ በዚያ የሚቆም ወጣት ሠዓሊ፣ የጥለቱን መልክ ብቻ ሳይሆን፣ ሸማኔው የተወውን ክርና የጨመረውን ክር ጠይቆ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ፤ ፈቃዱ ከሆነም የሸማኔውን ስም፣ ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ የራሱን ስም እንደ ጻፈ፣ አብሮ ያኑር።